አየር የሚያፈጥነው ሳተላይት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ተማሪ ሳለሁ በፈተና ላይ ስለተሳሳትኩት፣ ከዚያም ወዲህ ከአእምሮዬ ስላልወጣ አንድ ጥያቄ ነው። በዝቅተኛ ምህዋር የሚዞር ሳተላይት ከስስ አየር ጋር ሲፋተግ ፍጥነቱ ምን ይሆናል? ሰበቃ ያዘገያል ብዬ «ይቀንሳል» ስል ጻፍኩ፤ ትክክለኛው መልስ ግን «ይጨምራል» ነበር።

እምቅ ጉልበትን፣ ማለትም አንድ ነገር በምድር ስበት ውስጥ ባለበት ቦታ የተነሳ የሚኖረውን ጉልበት፣ ስናሰላ ከምድር እጅግ በራቀ ስፍራ ዜሮ ነው ብለን ስለምንነሳ፣ ወደ ምድር በቀረብን ቁጥር ከዜሮ በታች እየወረደ ይሄዳል፤ እኔ እንደ ዕዳ አድርጌ አስበዋለሁ። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ የእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ዕዳ 58.8 ሜጋ ጁል ገደማ ሲሆን፣ በዚያው ከፍታ በሴኮንድ 7.67 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሳተላይት ያለው የእንቅስቃሴ ጉልበት ደግሞ በኪሎ ግራም 29.4 ሜጋ ጁል፣ ማለትም የዕዳው ልክ ግማሽ ነው። ምህዋሩ ክብ እስከሆነ ድረስ ይህ ግማሽነት በየትኛውም ከፍታ አይዛነፍም። ከመሬት ተነስቶ እዚያ ከፍታ ላይ ለመድረስ ብቻ የሚያስፈልገው 3.7 ሜጋ ጁል ያህል መሆኑንም ልብ በሉ፤ የሮኬቱ ዋና ድካም ከፍታው ሳይሆን ፍጥነቱ ነው።

እንግዲህ አየሩ ሳተላይቱን ቀስ በቀስ ከ400 ወደ 300 ኪሎ ሜትር አወረደው እንበል። እምቅ ጉልበቱ በኪሎ ግራም 0.88 ሜጋ ጁል ይቀንሳል፤ ግማሹ በሰበቃ ወደ ሙቀት ሲለወጥ፣ የቀረው ግማሽ የእንቅስቃሴ ጉልበት ሆኖ ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 7.73 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። ለብዙ ጊዜ ያልገባኝ አየር ወደ ኋላ እየገፋ እንዴት ያፈጥናል የሚለው ነበር። የሚያፈጥነው ግን ራሱ አየሩ አይደለም፤ ሳተላይቱ እየወረደ ስለሚጓዝ መንገዱ በጥቂቱ ያዘቀዝቃል፣ በዚያ ቁልቁለት ላይ ስበት ወደ ፊት የሚጎትትበት ኃይል ከአየሩ ግፊት እጥፍ ይሆናል። ይህን የተረዳሁበትን ሌሊት አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1957 የመጠቀችው ስፑትኒክ 1 ምህዋሯ ሞላላ ቢሆንም የደረሰባት ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ምድርን በ96 ደቂቃ ገደማ ትዞር የነበረችው ሳተላይት፣ አየሩ ዝቅ ባደረጋት ቁጥር ዙሯን በአጭር ጊዜ እየጨረሰች ሄደች፤ በጃንዋሪ 1958 ወደ ጥቅጥቁ አየር ገብታ እስክትቃጠል ድረስ።

ወደ ላይ ስንሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ የመገናኛ ሳተላይት እዚያ እንዲደርስ ሞተሩ ደጋግሞ ወደ ፊት ገፍቶታል፤ ሆኖም በመጨረሻው ምህዋሩ ላይ የሚጓዘው በሴኮንድ 3.07 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከሞተሩ ያገኘው ጉልበት ሁሉ፣ ከራሱ የእንቅስቃሴ ጉልበት ከተቀነሰው ጋር ተደምሮ፣ ዕዳውን ለማቃለል ውሏልና።