የቤተ መጻሕፍት ሥልጠናችንን በምን እንመዝነው?

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከሸዋ ሮቢትና ከዓለም ከተማ የመጣችሁ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ባልደረቦቼ፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ መምህራን፤ የደብረ ብርሃንን የማለዳ ብርድ ችላችሁ በሰዓቱ በመገኘታችሁ በሥራ አስፈጻሚው ስም አመሰግናለሁ።

የዘንድሮው የመነጋገሪያ ርእሳችን አንድ ጥያቄ ነው፤ በየዓመቱ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የምንሰጠው የቤተ መጻሕፍት አጠቃቀም ሥልጠና ፋይዳ ማምጣቱን የምናውቀው በምንድን ነው? እስካሁን የምንመልሰው በሪፖርት ነበር፤ ይህን ያህል ተማሪ ሠለጠነ፣ ይህን ያህል ሰዓት ተሰጠ፣ ተሳታፊዎችም ረክተዋል እንላለን። እነዚህ ቁጥሮች ግን የእኛን ድካም እንጂ የተማሪውን ለውጥ አያሳዩም።

ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ሰብስቤ ስለ ካታሎግ፣ የመጽሐፉን የመደርደሪያ ቦታ ስለሚያመለክተው ኮል ነምበርና ስለ መረጃ ቋቶች ለአንድ ሰዓት ያህል ገለጻ አደረግሁ፤ በመጨረሻ ያደልሁት መጠይቅም «በጣም ጥሩ» በሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበት ተመለሰልኝ። በሳምንቱ በዚያው አዳራሽ ከነበሩት ተማሪዎች አንዱ ወደ ዴስኩ መጥቶ «መምህር፣ የኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት በየት በኩል ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ፤ መጻሕፍትን በይዘታቸው በቁጥር በሚከፍለው የዴዊ አመዳደብ 963 ላይ እንደሚገኙ በስላይድ በትልቁ ጽፌ ያሳየሁት እኔው ነበርሁ። ልጁ ሊዋሸኝ ፈልጎ አይደለም፤ ደክሞ ያስተማረውን ሰው «አልገባኝም» ማለት ይሉኝታ ስለያዘው ነው ቅጹን እንዲያ የሞላልኝ። አሜሪካዊው የሥልጠና ግምገማ ምሁር ዶናልድ ኪርክፓትሪክ በ1959 እ.ኤ.አ. የሥልጠና ግምገማን ከሠልጣኙ ስሜት ወደ ተጨበጠው ዕውቀት፣ ከዚያም በተግባር ወደሚታየው ለውጥና ወደ መጨረሻው ውጤት በሚወስዱ አራት ደረጃዎች ከፍሎት ነበር፤ እኛ ገና ከመጀመሪያው ደረጃ አልተነሣንም።

ሌላው የምንመካበት የአንባቢ ቁጥር ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ቤተ መጻሕፍቱ ጢም ብሎ የሚሞላው በሥልጠናችን ብርታት ነው ብሎ መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል፤ ተማሪው የማደሪያውን ብርድ ሸሽቶ፣ የራሱን ሃንድአውት ይዞ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ተማሪው ምን እንደተሰማው ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚችል እንይ የሚል ነው። ከሥልጠናው በፊት አጭር የፍለጋ ሥራ ይሰጠው፤ ከሥልጠናው በኋላ፣ ከዚያም ሴሚስተሩ ሲገባደድ በክብደት ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ሥራ ይሰጠውና ውጤቶቹ ይነጻጸሩ። የአሜሪካ የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ስለ መረጃ አጠቃቀም ክህሎት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣቸውን መመዘኛዎችና በ2016 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውን ማዕቀፍ ማንበብ ይጠቅማል፤ ፈተናው ግን ተማሪያችን በእርግጥ ከሚሰናከልበት ቦታ መውጣት አለበት። ስለ መርሐቤቴ የተጻፈ ነገር የሚፈልግ ልጅ ስሙን በ«ሐ»ም፣ በ«ሀ»ም፣ በ«ሃ»ም ተጽፎ ሊያገኘው ይችላል፤ ካታሎጉ አጻጻፎቹን እንደ አንድ ካልቆጠረለት፣ በአንዱ ሞክሮ ያጣ ተማሪ «መጽሐፉ የለም» ብሎ ይመለሳል። የኢትዮጵያዊ ደራሲ ስምም እንዲሁ ነው፤ እኛ በራሱ ስም የምንመዘግበውን ጸሐፊ የውጭ የመረጃ ቋቶች ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም ያስቀምጡታል። ተማሪው ሁለቱንም መንገድ መሞከሩን የሚያሳይ አንድ ጥያቄ ከሃያ የምርጫ ጥያቄዎች ይልቅ ብዙ ይነግረናል ብዬ አምናለሁ።

መምህራንን የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ ተማሪዎች የሚያቀርቧቸውን ጽሑፎች የዋቢ ዝርዝር እንድናይ ፍቀዱልን። እያንዳንዱን ዝርዝር ሁለት ባለሙያዎች፣ አንዱ የሌላውን ነጥብ ሳያይ፣ በአንድ መመዘኛ ያርሙታል፤ ነጥባቸው ከተራራቀ የሚስተካከለው መመዘኛው ነው። ተማሪ ከሲኒየሮቹም ስለሚማር፣ የታየው መሻሻል ሁሉ የእኛ ነው እንዳንል ገሚሶቹ ሴክሽኖች ቀድመው፣ የቀሩት ዘግየት ብለው ይሠልጥኑና ሁለቱ ይነጻጸሩ፤ ከሥልጠናው የሚቀር ግን አይኖርም።

አንድ ሥጋት አለኝ። የዚህ ግምገማ ነጥብ ከባለሙያው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ጋር ከተያያዘ፣ ቅጹ እንደገና «በጣም ጥሩ» በሚሉ ምልክቶች ይሞላል፤ በዚህ ጊዜ የሚሞላው ተማሪው ሳይሆን እኛው እንሆናለን። ሥራ አስፈጻሚው ውጤቱ ሥልጠናውን ለማሻሻያ ብቻ እንዲውል የሚያስገድድ አንቀጽ በግምገማው ረቂቅ ውስጥ ያስገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ረቂቁ በእያንዳንዳችሁ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ከሻይ ዕረፍት በኋላ በየቡድናችሁ ሆናችሁ የፍለጋ ሥራዎቹን መጀመሪያ ራሳችሁ እንድትሞክሯቸው እየጠየቅሁ፣ ዓመታዊ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አበሥራለሁ። አመሰግናለሁ።