ምድር የጎመን ዘር፣ ጨረቃ የጤፍ ፍሬ

ሄለን፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ልጆቻችንን ይዘን ጠፈር እንወጣለን፣ ያውም ከቤት ሳንርቅ። ቴሌስኮፕ ግዙ አንልም፣ አትፍሩ።

ብሩክ፦ እኔ እንዲያውም ከመግዛት በፊት የማስወርደው ነገር አለ። ያቺን የግድግዳ ፖስተር።

ሄለን፦ የፕላኔቶቹን? ምን አደረገችህ?

ብሩክ፦ ስምንቱንም አጠጋግታ ደርድራቸዋለች። ልጁ ስማቸውን ይሸመድዳል፣ ርቀታቸውን ግን አያውቅም። ጠፈር እኮ ከምንም በላይ ባዶ ነው።

ሄለን፦ እሺ፣ ባዶውን እንዴት ነው የምታሳየው?

ብሩክ፦ የእግር ኳስ አምጪ። ፀሐይ እሱ ነው። አሁን «ምድር ምን ታክላለች?» ብለሽ ልጆቹን ጠይቂ። መልሱን ቶሎ እንዳትነግሪያቸው! ይገምቱ።

ሄለን፦ የእኔዋ ሎሚ ትላለች።

ብሩክ፦ የጎመን ዘር ናት፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ። የፀሐይ ወርድ የምድርን 109 እጥፍ ነዋ። ጨረቃ ደግሞ አንዲት የጤፍ ፍሬ።

ሄለን፦ ውይ! ርቀቱስ?

ብሩክ፦ የጎመን ዘሯን ከኳሱ 24 ሜትር ያህል ታርቂያታለሽ። ጤፏን ከጎመን ዘሯ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ሰው ከምድር ወጥቶ የረገጠው እስካሁን ያቺን ጤፍ ብቻ ነው።

ሄለን፦ ሳሎን አይበቃማ። የኮንዶሚኒየም ግቢ ይሻላል።

ብሩክ፦ ግቢውም አይበቃሽም። ጁፒተር 120 ሜትር ላይ ናት፣ ኔፕቱን 700 ሜትር ገደማ። ከፀሐይ ቀጥላ የምትቀርበን ኮከብ ደግሞ፣ ኳሱ አዲስ አበባ ከሆነ፣ ለንደንን አልፈሽ ነው የምታገኛት።

ሄለን፦ ይሄንን ለትልልቆቹም ነው የምነግረው። ለትንንሾቹ የጨረቃን ጉድጓዶች መሥራት ይሻላል። ብዙ ሰው በዱቄት ያሠራል፣ እኔ ግን በእህል አይቀለድም ባይ ነኝ። ትሪ ላይ አመድ አድርጌ፣ ከላይ ቀይ አፈር እነሰንሳለሁ። ከዚያ ጠጠር መጣል ነው። ከሥር ያለው አመድ ዙሪያውን ሲረጭ ታየዋለህ።

ብሩክ፦ በጎን ሲወረውሩትስ?

ሄለን፦ ጉድጓዱ ሞላላ ይሆናል። ጨረቃ ላይ ግን አብዛኞቹ ክብ ናቸው። «ለምን?» ሲሉህ ጨዋታው ጀመረ ማለት ነው። እዚያ የሚመጣው ድንጋይ በሰከንድ ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚበር፣ ሲያርፍ ይፈነዳል። ፍንዳታው ነው ክብ የሚያደርገው።

ብሩክ፦ ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከማማረር ወጣ ማለት ነው። በውጭ አገር መጻሕፍት አዲሷ ጨረቃ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ብዙውን ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምናያት። ልጆቹ ያዩትን ይሳሉ እንጂ ከመጽሐፍ አይገልብጡ።

ሄለን፦ ባይኖኩላር የሚያውሳችሁ ካለ ደግሞ ጁፒተርን ፈልጉ። ክርናችሁን አጥር ላይ ካስደገፋችሁ አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቿ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። የጣሊያኑ የሰማይ ተመራማሪ ጋሊሊዮ በፈረንጆቹ 1610 ያያቸው እነሱን ነው።

ብሩክ፦ ፀሐይን ግን በጭራሽ! በባይኖኩላርም፣ በባዶ ዓይንም።

ሄለን፦ ግርዶሽ ሲሆንስ? በ2012 ሰኔ ላሊበላ ላይ ቀለበት የሠራችው ጊዜ ስንቱ ነው ያንጋጠጠ።

ብሩክ፦ ጀርባሽን ለፀሐይ ሰጥተሽ የፓስታ ማጥለያ ትይዣለሽ። ጥላው ውስጥ በቀዳዳዎቹ ቁጥር ልክ ትንንሽ የተገመጡ ፀሐዮች መሬት ላይ ይወርዳሉ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ሌላ ግርዶሽ አለ። ለእኛ በከፊል ነው፤ ጅዳ ላይ ግን ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ትሸፈናለች።

ሄለን፦ ሐምሌ? በዚያ ደመና?

ብሩክ፦ ደመና ከሆነማ ጅዳ ላሉት ዘመዶቻችን በቪዲዮ እንደውላለን።