ብርብራም እኮ ዛፍ ነው

እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ። ከሐይቅም ከአርዲቦም ዳር የመጣችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ኩሬ የቆፈራችሁ ወጣቶች።

አላስረዝምም፣ አብሽሩ። የማወራችሁ ስለ ነጭ ሽንኩርት ነው። ወጥ ውስጥ ስለሚገባው ሳይሆን የአሳ መኖ ላይ ስለሚጨመረው።

መጀመሪያ ግን ብርብራ። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲገባ አሳው ሰክሮ ይንሳፈፋል። ይህን አያቶቻችን ያውቁ ነበር። አሳውን የሚጥለው ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ነው። ይህን ያነሳሁት «ቅጠል ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚለው ወሬ ስለሰለቸኝ ነው። ብርብራም እኮ ዛፍ ነው።

እኔም ተሸውጃለሁ። ሽፈራው ለሰው ደግ ነው ሲባል ሰማሁና የቅጠሉን ዱቄት ከፍሩሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እኩል በእኩል አደባለቅሁ። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባሉት አሳዎቼ ይጎርሱና መልሰው ይተፉታል። በሁለት ወር ጭንቅላት ብቻ ሆነው ቀሩ። ጎረቤቴ «ምነው፣ ጾም አስያዝካቸው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለካ ጥሬ ቅጠሉ ታኒንና ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ሲበዛ መኖው አይፈጭላቸውም።

ነጭ ሽንኩርትም እንደዚያው ነው፣ በልኩ። ኃይሉ አሊሲን የሚባለው ነው፤ ሳይወቀጥ ግን አሊሲን የለም። ስለዚህ ወቅጡት፣ 10 ደቂቃ ተዉት። እሳት አታሳዩት፣ ሙቀት ያጠፋዋል። ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ መኖው ላይ ለውሱትና ጥላ ላይ አድርቁት። ለ1 ኪሎ መኖ 10 ግራም፣ ማለትም ሁለት ሦስት ፍሬ፣ ለጀማሪ ይበቃል። መቼም እጃችሁ ይሸታል። የእኔ ባለቤት እስከ ዛሬ አልለመደችውም።

ምን ይጠቅማል? በቆሮሶ ላይ በተሠሩ ሙከራዎች ነጭ ሽንኩርት፣ እርድና ጥቁር አዝሙድ የአሳውን ነጭ የደም ሴሎች አበርትተዋል። ኤሮሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ሲመጣም የሚተርፈው አሳ በዝቷል። ሆዱ ተነፍቶ፣ ቆዳው ቀይ ነጠብጣብ አውጥቶ ያያችሁት አሳ ብዙ ጊዜ የዚህ ተጠቂ ነው።

ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ሽንኩርቱ አይደርስለትም። የታመመ አሳ አይበላማ! መኖውን ቢያጣፍጡለትስ በየት ይገባል? ሽንኩርት የሚሰጠው ገና ደህና ሳለ ነው። ንጋት ላይ አሳው ውሃው አናት ላይ አፉን ከከፈተ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ አየር አጥሮታል። ውሃውን ቀይሩለት።

ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝቶ ኩሬ ውስጥ የሚበትን ሰውም አይቻለሁ። ተዉ። ተህዋሲያኑ መድኃኒቱን ይለምዱታል፤ ነገ ለልጃችሁም ላይሠራ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መኖ ውስጥ መጨመርን ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል።

ሁለት ኩሬ ያላችሁ አንዱን ያለ ሽንኩርት አቆዩት። የሞተውን ቁጠሩ፣ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂት አሳ እየመዘናችሁ ጻፉ። እኔን አትመኑ፣ ደብተራችሁን እመኑ።

ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። ከምሳ በኋላ ኩሬው ዳር እንገናኝ። ሙቀጫ ያለው ይዞ ይምጣ፣ የእኔ ተሰንጥቋል።