የግራ እግሯ

ዛሬ የጥያቄዎቻችሁ ቀን እንደነበር አውቃለሁ። ይቆይ። ሱሉልታ ላይ ሯጮችን ፎቶ ሳነሳ የሆነው ነገር ከራሴ አልወጣ ብሎኛል።

ሌንሱን ታውቁታላችሁ፤ ወንድሜ «በዚህ ገንዘብ በሬ ይገዛ ነበር» የሚለውን። አሁን እጄ ለምዶታል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው በሰከንድ 5.6 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹተሩን፣ ያን ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 1/60 ሰከንድ ላይ ካደረጋችሁት፣ ተከፍቶ እስኪዘጋ ሰውነቱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል ፈቅ ይላል፤ እግሩማ ከዚያም ስለሚፈጥን ጭስ ይሆናል። 1/1000 ላይ ግን ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህንን ያመንኩት የጎጃም መንገድ ዳር፣ ጣቴ በብርድ ደንዝዞ፣ የጭስ እግር ስሰበስብ ከርሜ ነው።

እና ያን ዕለት ለ1/1000 የሚበቃ ብርሃን አገኘሁ። ቀይ ሹራብ የለበሰችው ልጅ ስታልፍ ጣቴን ከመጫኛው አላነሳሁም። አሰልጣኙ መጡና «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ደስ ብሎኝ ሰጠኋቸው። አጎሉት። ፊቷን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ወደ ታች ወረዱ። ቀኝ እግሯ በአውራ ጣቱ መሬቱን ገፍቶ ይነሳል። ግራው አውራ ጣቱን ሸሽቶ በጎኑ ነው የሚነሳው። አንድ ፎቶ ወደፊት፣ አንድ ፎቶ ወደኋላ፤ ያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሏት። ዝም።

«ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ?»

እሳቸውን አላየችም። እኔን አየችኝ።

እንደ ፈረንጆቹ በ1878 ፎቶ አንሺው ኤድዋርድ ማይብሪጅ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ባንዴ ከመሬት እንደሚነሱ በፎቶ አሳየ። ዓይን ያላየውን ካሜራ አየ እያልኩ ስንት ጊዜ አሰልችቻችኋለሁ! ፈረሱ ግን የሚደብቀው ነገር አልነበረውም።

ምናልባት ጠቅሜያታለሁ። በዚያ እግር ብትቀጥል የባሰ ይመጣ ነበር፤ እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው። ደግሞስ አሰልጣኝ አሳየኝ ሲል ምን ይባላል? አይ፣ ይባላል እንጂ። የሚባል ነገር አይጠፋም።

ተመልሼ ስሄድ ከጓደኞቿ ጋር አልነበረችም። «እረፍት ላይ ናት» አሉኝ አሰልጣኙ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ቅዳሜ መጥተህ ሁሉንም አንሳልኝ፣ ከጉልበት በታች ብቻ፣ እከፍልሃለሁ። ልጆቹ ቆመው ይሰማሉ። በፊት ካሜራውን ሲያዩ እጃቸውን ያውለበልቡልኝ ነበር።

«እናያለን» ብዬ ተለያየን። ባትሪውን ግን ትናንት ማታ ሞልቼዋለሁ። ለምን እንደሞላሁት እንግዲህ...