ጆሮ ጭው ሲል፦ ለጅማ የወፍጮ ቤትና የወርክሾፕ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር

እንደምን አላችሁ? አካም ጂርቱ?

ትናንት ዓድዋን አከበርን። ዛሬ የካቲት 24 ደግሞ የዓለም የመስማት ቀን ነው። በዚህ ቀን ስፒከር አስጩኼ ብናገር አያምርብኝም፤ ድምፁን ዝቅ አስደርጌዋለሁ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ።

ወፍጮ ቤት የምትሠሩ፣ ቡና የምትፈለፍሉ፣ እንጨት የምትሰነጥቁ፣ ብረት በግራይንደር የምትቆርጡ እዚህ አላችሁ። ጫጫታ መስማታችሁን ቀንሶባችሁ ክሊኒክ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁን «መድኃኒት የለውም ወይ?» ብላችሁ ነው። እሱን ልመልስ።

በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚቀይሩ ሕዋሳት አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ናቸው። ጫጫታ ሲበዛባቸው ይሞታሉ፤ የሞተው በሰው ላይ አይተካም። የሚገርመው ዶሮ ላይ ይተካል! ይህ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ከታወቀ ወዲህ ተመራማሪዎች ዶሮ የቻለችውን በሰው ላይ ለማምጣት እየለፉ ነው። ኤፍኤክስ-322 የተባለ ወደ ጆሮ የሚሰጥ መርፌ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ ሲወጣ መድኃኒት ከሌለው መርፌ አልተሻለም።

ለመከላከልም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ወጣቶች ኢብሴለን የሚባል እንክብል እየወሰዱ በጆሮ ማዳመጫ 4 ሰዓት ሙዚቃ ሰሙ። ባዶ እንክብል የተሰጣቸው ሰዎች መስማት ለጊዜው በ4 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ያህል ቀነሰ፤ መካከለኛውን መጠን የወሰዱት ግን በ1 ገደማ ብቻ። ደስ ይላል። ግን የተለካው ለሰዓታት የደከመ ጆሮ ነው። ለዓመታት ግራይንደር ሥር የከረመ ጆሮ ሌላ ነገር ነው።

እና መልሴ፦ ጫጫታ የወሰደውን መስማት የሚመልስ መድኃኒት ዛሬ የለም። ጠብታ ሊሸጥላችሁ የመጣ ካለ ብራችሁን ያዙ።

«ጭው ይልና ይለቀኛል» የምትሉ ብዙ ናችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት አለ። ከጫጫታው በኋላ የመስማት ምርመራቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ሕዋሳቱም በሕይወት ነበሩ። ከነርቭ ጋር የሚያገናኟቸው መጋጠሚያዎች ግን ግማሽ ያህሉ ጠፍተው ተገኙ። ስለዚህ ለቀቀኝ ማለት ዳንኩ ማለት ላይሆን ይችላል። ምርመራው ደህና ብሎት፣ ሰው በተሰበሰበበት ወሬ የማይለይ ሰው አለ።

ልኩን ያዙ። ጆሮ በቀን የሚችለው 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው። 3 በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራችኋል። መለኪያ ከሌላችሁ፣ አጠገባችሁ ላለ ሰው ለመናገር ከጮኻችሁ ቦታው ይጎዳል።

ጥጥ አይሠራም፤ ተዉት። ስፖንጁን የጆሮ መድፈኛ አጥብቃችሁ ጠቅልሉት። በሌላኛው እጃችሁ፣ በራሳችሁ ላይ አዙራችሁ፣ ጆሯችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡ። አስገቡና እስኪነፋ ያዙት። ግማሹን ውጭ አንጠልጥሎ የሚውል ሰው አላደረገም በሉት።

የማሽን ባለቤቶች፣ የላላውን ብሎን አጥብቁ፣ ግራሶ አትርሱ፣ ሠራተኛውን በፈረቃ አቀያይሩት።

አንድ ጆሯችሁ ድንገት ከደነቆረ ግን አትጠብቁ፤ በዚያው ዕለት ወይም በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በጊዜ የተጀመረ ሕክምና ሊረዳ ይችላል።

መድፈኛው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት አስገብታችሁ አሳዩን፤ ጥያቄም እዚያው እንቀበላለን።