በረሮው ለምን ይንቀጠቀጣል?

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

ልጅ ሳለሁ ወባ ረጪዎች ወደ ሰፈራችን ሲመጡ እናቴ ሌማቱንና የሊጥ ቡሃቃውን ተሯሩጣ ደጅ ታወጣ ነበር። ሰዎቹ ታንካቸውን አዝለው ግድግዳውን ዲዲቲ ረጭተው ይሄዳሉ። ማታ ስንገባ እኔ የማየው በረሮዎቹን ነው። ወዲያው አይሞቱም። በጀርባቸው ተገልብጠው እግራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጥቂት ያርፋል፣ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ለምን ብዬ የጠየቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ከእኔ ቀድመው ይህንኑ ስለ ጠየቁ አንድ ሰው ነው።

ፕሮፌሰር ቶሺዮ ናራሃሺ በ1927 ጃፓን ውስጥ ፉኩኦካ ተወለዱ። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ዲዲቲ ነፍሳትን እንደሚገድል ፓውል ሙለር በ1939 አግኝተው በ1948 ኖቤል ተሸልመውበታል። እንዴት እንደሚገድል ግን ገና አልጠራም ነበር። ናራሃሺ ከባልደረባቸው ከያማሳኪ ጋር የበረሮ ነርቭ ላይ ሠርተው በ1957 ያሳተሙት ጽሑፍ፣ ዲዲቲ የነካው ነርቭ መልእክቱ ካለፈ በኋላም ቶሎ እንደማይረጋ አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነርቭ ሽፋን ላይ ሶዲየም የሚያስገቡ ጥቃቅን ቻናሎች አሉ፤ እኔ በር እላቸዋለሁ። በሩ ይከፈታል፣ ሶዲየም ይገባል፣ በዓይን ጥቅሻ እንኳ በማይለካ ፍጥነት መልሶ ይዘጋል። ዲዲቲ በሩ ሥር እንደ ገባ ድንጋይ ነው፤ አያዘጋም። አንዴ ብቻ መናገር የነበረበት ነርቭ ደጋግሞ ይለፈልፋል፣ እግሩም ይንቀጠቀጣል። ናራሃሺ ኋላ ፓይረትሮይድ በሚባሉ ሌሎች የነፍሳት ማጥፊያ መርዞች ላይ ባደረጉት ምርምር፣ ይህን ሁሉ ረብሻ ለማስነሳት ከመቶ አንድ ያህሉ በር መያዙ እንደሚበቃ አሳይተዋል። ደግሞም መርዙ በቅዝቃዜ ይበረታል። የእኛ ሰውነት ሞቃት መሆኑ ከነፍሳቱ ይልቅ እንድንቋቋመው ከሚረዱን ምክንያቶች አንዱ ነው።

በጣም የምወደው ምዕራፍ ግን የፉጉ ዓሣው ነው። የዚህ ዓሣ መርዝ፣ ቴትሮዶቶክሲን፣ የሶዲየሙን በር ይዘጋ ይሆን ብለው ጠረጠሩ። ለማረጋገጥ የነርቩን ቮልቴጅ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የነበረው አሜሪካ፣ ዱክ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆን ሙር ዘንድ ነው። መርዙን ይዘው ሄዱ። (ዛሬ ቢሆን ጉምሩክ ስንት ፎርም ያስሞላቸው ነበር!) በሎብስተር ነርቭ ላይ ሞክረው በ1964 ውጤቱን አሳተሙ፦ የሶዲየሙ በር ጥርቅም፣ የፖታሲየሙ ግን እንዳለ። ከዚያ ወዲህ የነርቭ ተመራማሪዎች አንዱን ቻናል ከሌላው ለመለየት ይህን መርዝ መሣሪያ አደረጉት። የተባይ ማጥፊያ ጥያቄ ይዘው የተነሡት ሰው ለነርቭ ሳይንስ ቁልፍ አቀበሉት። ኖቤል አላገኙም፤ ይህ እኔን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በ1977 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሄደው የፋርማኮሎጂ ክፍሉን መሩ፣ በ2013 አረፉ።

ይህ እኛን ምን አገባን የሚል ካለ ወደ አልጋው ይመልከት። አጎበሩ የተነከረበት ፓይረትሮይድ የሚይዘው ያንኑ የሶዲየም በር ነው። ዲዲቲን ትተን ወደ አጎበር ስንሄድ መርዙን ለወጥን እንጂ በሩን አልለወጥንም። ትንኟ ግን ለወጠችው። ቻናሉ ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች መካከል በ1014ኛው ቦታ ላይ ያለው ሉሲን በፌኒልአላኒን ሲተካ ሁለቱም መርዞች ይደክሙባታል። ይህ ለውጥ በዋናዋ የወባ አስተላላፊያችን በአኖፌሊስ አረቢየንሲስም ተገኝቷል። ክሎርፌናፒር የተጨመረባቸው አዳዲስ አጎበሮች የመጡት ለዚህ ነው፤ ይህ መርዝ ነርቩን ትቶ የሕዋሷን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያን ይመታል።

ናራሃሺ የጀመሩት በበረሮ ነው፤ እናንተም በምታገኙት ትጀምራላችሁ። ትናንት በዚህ ሰዓት ለአንድ ሰዓት ያህል መርዝ ባለበት ቱቦ ያቆየናቸው ትንኞች 24 ሰዓታቸው እየሞላ ነው። ሻያችንን እንጠጣና ወርደን ስንቱ እንደ ቆመ እንቁጠር።

አመሰግናለሁ።