የቺምፓንዚ ግልገል ጠባዩን ከማን ይማራል?

(ምስል፦ ባሕር ዳር፣ የጣና ዳርቻ። ጦጣዎች ዛፍ ላይ።)

እነዚህን ታውቋቸዋላችሁ። ባሕር ዳር መጥቶ ሐይቁ ዳር ቁጭ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ዳቦውን የተነጠቀማ አይረሳቸውም። የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ዘመዳቸው ስለ ቺምፓንዚ ነው። ቺምፓንዚ ኢትዮጵያ ውስጥ በዱር አይገኝም፤ ኡጋንዳ ወይም ታንዛኒያ መሄድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለማሳያ የጣናዎቹን እንዋሳለን።

(ምስል፦ ግልገሏ ሆዷ ላይ የተለጠፈባት ጦጣ።)

ያቺን እናት ተመልከቱ። የቺምፓንዚ ግልገልም የመጀመሪያ ወራቱን እንዲሁ ተለጥፎ ነው የሚያሳልፈው። ግማሽ ዓመት ገደማ ሲሞላው ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ታዝለዋለች። አራት አምስት ዓመት ይጠባል። ጡት ከጣለ በኋላም ቢሆን ስምንት፣ አስር ዓመት እስኪሆነው ከጎኗ አይጠፋም።

ምን ይሠራል ይህን ሁሉ ዘመን? ሰው ማወቅ ይማራል። ይቅርታ፣ ቺምፓንዚ ማወቅ ይማራል። መንጋው ቀኑን ሙሉ አንድ ላይ አይውልም። ጠዋት ሦስት ሆነው የወጡት ከሰዓት አስር ይሆናሉ፣ ከዚያ ደግሞ ይበተናሉ። በየሰዓቱ ማን እንዳለ፣ ማን የማን ወዳጅ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ሰላምታም አለ። የበታች የሆነው ጎንበስ ብሎ፣ እያለከለከ «እህ፣ እህ» ይላል። አለቃው ለበታቹ እንዲህ አይልም። ግልገሉ ይህን ሁሉ የሚያየው እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ነው። ማንን ትሸሻለች? ከማን ጋር ተቀምጣ ትቀማመላለች? ጨዋታው ድብድብ ሲሆንበት መቼ ትገባለች?

ቁጭ አድርጋ ታስተምረዋለች ማለት ግን አይደለም። እጁን ይዛ የምታሳይበት ጊዜ እምብዛም ነው። ትልቁ ሥራዋ መታገስ ነው።

(ምስል፦ ኩይሳ።)

ጎምቤ እንሂድ። ታንዛኒያ ውስጥ፣ ታንጋኒካ ሐይቅ ዳር ነው፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል በ1960 እ.ኤ.አ. ጥናቷን የጀመረችበት ቦታ። እዚያ እናት ቀጭን እንጨት ታዘጋጅና ኩይሳ ቀዳዳ ውስጥ ትከታለች። ምስጦቹ እንጨቱን ነክሰው ሲይዙ ቀስ ብላ ስባ ትበላቸዋለች። ግልገሉ አፍንጫውን አስጠግቶ ያያል። እንጨቷን ይነጥቃል። ዝም ትላለች። ስንቶቻችን ነን እንዲህ የምንችል?

በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የጎምቤ ጥናት እንደሚለው ሴቶቹ ግልገሎች እናታቸውን አተኩረው ያያሉ፤ ወንዶቹ እዚያው ሲላፉ ይውላሉ። ሴቶቹ ምስጥ ማጥመድን በሁለት ዓመት ገደማ ቀድመው ይችላሉ። እንጨቱን የሚያስገቡበት ጥልቀት እንኳ የእናታቸውን ይመስላል። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ያለው ሰው ጎምቤን ያየ ይመስላል።

ወንዶቹን ግን ሰነፍ ለማለት አትቸኩሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከዚያው የወጣ ሌላ ጥናት አለ። ወንድ የወለደች እናት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ሴት ከወለደችው እናት አብልጣ ከሌሎች ጋር ትውላለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግልገል በሌላ ቺምፓንዚ ሊገደል ይችላል፣ ምግብም ይሻሙባታል። ግን ወንዱ ዕድሜውን ሙሉ የሚኖረው እዚያው መንጋ ውስጥ፣ ከእነዚያው ወንዶች ጋር ነው። ቶሎ ቢለምዳቸው ይሻለዋል። ሴቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ መንጋ ትሄዳለች። የጣናዎቹ ጦጣዎች ግልባጭ ናቸው፤ ሴቷ እትብቷ በተቀበረበት ትቀራለች፣ ጓዙን ጠቅልሎ የሚወጣው ወንዱ ነው።

ጡት ማስጣሉስ? ጩኸት ነው። መሬት ላይ ተጥሎ መንፈራገጥ አለ። ዝርዝሩን የወለዳችሁ ታውቁታላችሁ።

(ምስል፦ ደን።)

እናት ከሌለችስ? በ1972 እ.ኤ.አ. ፍሎ የምትባል የጎምቤ እናት ሞተች። ልጇ ፍሊንት ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። መብላት አቆመ፣ ከሌሎቹ ተለየ፣ ወር ሳይሞላው ሞተ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ግን ፍሊንት ከእኩዮቹ በላይ እናቱን ሙጥኝ ያለ ልጅ ስለነበር በእሱ ብቻ መፍረድ አይቻልም።

ለእኔ የሚበልጠው ማስረጃ ከኮትዲቯር፣ ከታይ ደን የመጣው ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ጡት ከጣሉ በኋላ እንኳ ሳይጎለምሱ እናታቸውን ያጡ ወንዶች ከፍ ያለ ደረጃ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ የሚወልዷቸውም ልጆች ያነሱ ናቸው። በዚያ ዕድሜ ወተት አይፈልጉም፣ ምግብም ራሳቸው ይለቅማሉ። የቀረባቸው የተሻለው ምግብ የት እንዳለ የምታውቅ እናት፣ ጠብ ሲነሳም ከጎናቸው የምትቆም እናት ሳትሆን አትቀርም።